ዝም ብላ የምትጠብቅ ልጅ

«ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ» አለች ልጄ በስልክ። እኔ እጄን ብዘረጋ የምደርስባት ወንበር ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ነበር። ዓይኔ ቢፈዝም ጆሮዬ አልደነቆረም። እንግዲህ እሷን ያማጠው ማንም ነው፤ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያስገባት ማንም ነው፤ ዛሬ ማለዳ ተነስቶ ሻዩን ያፈላላትም ያው ማንም የሚባለው ሰው ነው ማለት ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አልደብቅም፤ ግን በተቀመጥኩበት ቤት እንደ ባዶ ወንበር ስታልፈኝ ዝም የምል ሴት ሆኜ አላውቅም። ኩባያዬን ጠረጴዛው ላይ ደህና አድርጌ አጮህኩት። ዞር አለችና ስልኩን በመዳፏ ሸፍና፣ «እማዬ፣ ጓደኛዬ የሚረብሽሽ ሰው አለ ወይ ብላኝ እኮ ነው» አለችኝ።

«እኔ አልረብሽም?»

«ትረብሻለሽ። ግን ለምጄሻለሁ።»

ይኸው ነው ክብሬ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ትምህርቷ ስለ ቤት አሠራር ነው፤ ግድግዳ ምን ይዞት እንደሚቆም፣ ምን ነክቶት እንደሚወድቅ። ሰሞኑን ግን ከማስተማሩ ይልቅ ስለ ማስተማሯ የምትጽፈው ወረቀት ነው ፋታ የነሳት። የማስተማር ፍልስፍና ይሉታል። እያንዳንዱ አስተማሪ ለምን እንደሚያስተምርና እንዴት እንደሚያስተምር ከልቡ አውጥቶ ይጻፍ ተብሏል። ኮሚቴ ተቀምጦ ያነበዋል፤ ከወደደው ልጄ ቋሚ ትሆናለች፣ ካልወደደው ኮንትራቷ በዚህ መንፈቅ ያበቃና ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ትወጣለች። ወረቀቱ የሚላክበት የመጨረሻው ቀን ያን ዕለት ነበር። እንዳይበቃ ደግሞ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያንኑ ቀን ክፍሏ ገብቶ ስታስተምር ሊያያት ቀጠሮ ይዟል። ልጄ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ በላያቸው የአባቷ አረንጓዴ የመስታወት ስባሪ ተጭኗል። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መስታወት ቆራጭ ነበር። ሱቁን ስንዘጋ ይቺ ልጅ ከዚያ ሁሉ ዕቃ መርጣ ያወጣችው ያቺን ጭብጥ የማትሞላ ስባሪ ነው። የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ስባሪውን አልፋ ወረቀቱ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ኩሬ ትሠራለች። ግራ ዓይኔ ሞራ ወርዶበት ዓለሙን ሁሉ በጉም ጠቅልሎ ነው የሚያሳየኝ፤ ያቺን ኩሬ ግን አይስታትም። አንዳንድ ጠዋት ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እሷን ሳይ እቆያለሁ፤ ውስጧ የሆነ ሰው የሚራመድ ይመስለኛል።

«አንብቢልኝ» አልኳት። አነበበችልኝ። ተማሪ ተኮር፣ አሳታፊ፣ ዘላቂ፣ ሁለንተናዊ። ቃሉ ሁሉ በከረባት የታነቀ ነው። ዓይኔ ሊከደን ሲል፣ «ይሄን የጻፈው ማነው?» አልኳት።

«እኔ ነኛ።»

«አንቺን አይመስልም።»

«ትንሽ ትንሽ ከሌሎች ሰዎች ወስጃለሁ፣ እማዬ። ሁሉም እንደሱ ነው የሚያደርገው።» ከዚያ አንዷን ገጽ በእርሳስ ሰርዛት ዘለለቻት። ያቺኛዋስ ምንድናት ስላት፣ ኃላፊው አውጫት ያላት ናት አለችኝ፤ ተማሪዎቿን ጠይቃ መልሱን ዝም ብላ ስለመጠበቋ የጻፈችው። እኔም ኃላፊው እውነቱን ነው አልኩ። ዝም እንድትይ ነው እንዴ ደሞዝ የሚሰጡሽ፣ ዝምታማ እቤትም በነጻ ይገኛል። እሷም ስባሪውን መልሳ ወረቀቱ ላይ ጫነችውና ኮቴን አመጣችልኝ፤ እሷ ክፍል ከመግባቷ በፊት እኔ የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረኝ።

ክሊኒኩ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ነው። ነርሷ፣ «እማማ፣ ቀና ይበሉ» ብላ የሆነ ጠብታ አደረገችብኝ፤ የዓይን ብሌን የሚከፍት ነው አለች። በሕይወቴ የተከፈተልኝ በር ጥቂት ነው፣ እስቲ ይሄም ይከፈት ብዬ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳው ነጭነቱ ጨመረ። የሰዎች ዳርቻ መብራት አወጣ። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ስታልፍ ሁለቱም በወተት ውስጥ የሚዋኙ መሰሉኝ። ሐኪሙ ዓይኔን አይቶ፣ ጊዜው ሲደርስ እንገፈዋለን ብሎ አሰናበተኝ። ነርሷ ልጄን፣ «እስኪለቃቸው ድረስ ብቻቸውን እንዳይተዉአቸው» አለቻት። ልጄ ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ክንዴን ያዘችና መንገዱን ተሻገርን።

«ከኋላ ትቀመጫለሽ» አለችኝ ደረጃውን ስንወጣ። «ምንም አትናገሪም። እሺ እማዬ?»

«ማንም የለም ብለሽ የለ። ማንም ደግሞ አይናገርም።»

ሳቋን ዋጥ አደረገችው። ክንዴን የያዘው እጇ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወንበሮቹ እንደ ግማሽ ክብ ተጠማዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጠችኝና ወረደች። ከአጠገቤ ወረቀት ጭኑ ላይ የዘረጋ፣ ጫማው የሚያበራ ሰውዬ ነበር። ኃላፊው እሱ መሆኑን ያወቅሁት ልጄ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ስትለው ነው። እሱ ግን የማን እናት እንደሆንኩ አላወቀም። ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ ስንተኛ ዓመት ነዎት?» አለኝ፣ ሊቀልድብኝ።

«አንደኛ ዓመትን እየደገምኩ ነው» አልኩት። ፊቱን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

ልጄ ግድግዳው ላይ በብርሃን አንድ ፎቶ አወጣች። ቤት ነው፤ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ሽቅብ አግድም የሄደ ስንጥቅ አለው። ጠብታው ዓይኔ ውስጥ እየሠራ ስለነበር ስንጥቁ እንደ ጥቁር ወንዝ ሲፈስ፣ ቤቱም ቀስ ብሎ ሲተነፍስ አየሁት። «ይሄን ቤት ምን ነካው?» አለች ልጄ። ከዚያ መጻፊያዋን አስቀመጠች። እጆቿን ፊት ለፊቷ አጣጠፈች። ዝም አለች።

መጀመሪያ ቃል የጠፋት መሰለኝ። ተማሪዎቹ ተቁነጠነጡ፣ አንዱ አሳለ፣ አንዷ ብዕር ጣለች። ልጄ ግን አልተጨነቀችም። ሰው መስኮት ላይ ተደግፎ ዝናብ እንደሚያየው ነው የምታያቸው። ዝምታው ክፍሉን ከወለሉ ጀምሮ እየሞላ እኔ ያለሁበት ረድፍ ድረስ ወጣ። ከመስኮቶቹ የሚገባው ብርሃን ተንጣሎ ወንበሮቹን ሁሉ አጠፋቸው፤ እኔም ሱቃችን ውስጥ ተቀምጬ አገኘሁት ራሴን። መስታወቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው በረድፍ ቆመዋል። ወለሉ ላይ የማንም ቤት ያልሆኑ መስኮቶች ተዘርግተዋል። ባሌ ጠረጴዛው ጋ አጎንብሷል፤ ደንበኛ መጥቶ ይጠይቀዋል፤ እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ ከንፈሩን ይከፍታል። ተብታባ ነበር። ቃሉ ጉሮሮው ደጃፍ ላይ መጥቶ፣ ልግባ አልግባ እያለ እንደሚያፍር እንግዳ ይቆማል። ደንበኛው እግሩን ይቀያይራል። እኔ ደግሞ ምላሴ እሳት የላሰ ነው፤ ጨርሼለት ገበያውን እቀጥላለሁ። ነገ ይደርሳል ሊል ነው። ወፍራሙ ይሻልሃል ሊል ነው። መደርደሪያው ላይ ያስቀመጣትን ያቺን አረንጓዴ ስባሪ አይተው፣ ይቺ ምንድናት ሲሉትም፣ «ይቺማ... ይቺ...» ይላል። «መጣል ረስቶት ነው» እላለሁ እኔ። እሱም አፉን ገጥሞ ወደ ሥራው ያጎነብሳል። እንደዚያ ነው ሱቁ የቆመው፤ በሱ እጅና በኔ አፍ።

«ዛሬም ያው ነው» የሚል ድምጽ ከዚያ መለሰኝ። ኃላፊው ነው፤ ለራሱ ነው ያለው። ሰዓቱን አየና ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረገ። ልጄ እዚያ ታች ብቻዋን ቆማ፣ ያ ሁሉ ልጅ አፉን ዘግቶ ሊያዋርዳት፣ ይሄ ደግሞ ከላይ ሆኖ እንጀራዋን በብዕሩ ሊዘጋ። አንድ ሰው ደርሶ ሊያድናት ይገባ ነበር። እኔ አለሁ አይደል?

«ከመስኮቱ ነዋ» አልኩ፣ የገበያ ድምጼን አውጥቼ። «ሲገጥሙት በግድ ገፍተውት ነው። መስታወት ሲገፉት ግድግዳውን ያስከፋል።»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ፤ ከዚያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ግን ሳቅ ነው። ልጄ ቀና ብላ ወደኔ ስታይ ፊቷ ቀላ፤ ድምጿ ግን አልተለወጠም። «ከላይኛው ረድፍ አንድ መልስ መጥቶልናል። እናመሰግናለን። መስኮቱ ግን አይደለም» አለች። ያኔ ነው ያየኋት። ታች፣ በጎን በኩል፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ቀጭን ልጅ። ፊቷን በጎን አየዋለሁ። ከንፈሯ ተከፍቷል፤ እጇ ግማሽ መንገድ ተነስቷል። ሳቁ ሲመጣ እጇ ወረደ፣ አፏም እንደ መሳቢያ ገባና ተዘጋ። ያን አዘጋግ አውቀዋለሁ። ከአንድ ሰው ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ስኖር ሳየው የኖርኩት አዘጋግ ነው። ልጄ እንደገና ጠበቀች፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም አልተነፈሰም፣ ሰዓቱም አለቀ።

ቢሮዋ ለብዙ ሰው የተሰጠ ጠባብ ክፍል ነው። ጠረጴዛዎቹ ተጣብቀዋል፤ መስኮቱ ስስ መስታወት ነው፣ ነፋስ ሲነካው ጥርሱን ያንቀጫቅጫል። ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ውሃ ሰጠችኝ። አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ብትጮህብኝ በተሻለኝ ነበር፤ እኔ የጩኸት መልስ አላጣም። ኃላፊው በሩን አንኳኩቶ ሲገባና እናቷ መሆኔን ሲያውቅ ጫማውን አየ። «ይቅርታ እማማ፣ አላወቅኩም ነበር» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የቸኮለ ሰው ነው። ልጄን፣ «ወረቀትሽ ግሩም ነው። ያቺን የዝምታ ነገር ብቻ ተያት። እኔ እንኳን ክፍል ውስጥ ሆኜ እያየሁት አልዋጥልህ አለኝ። ኮሚቴው ሲያነበው፣ መምህሯ ተዘጋጅታ አትገባም ነው የሚለው። ለራስሽ ብዬ ነው» አላት። ልጄ ጣቶቿን አየች። እኔም ጠዋት ከሱ ጋር መስማማቴን ደግሜ መናገር አልፈለግኩም።

ያኔ በሩ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ታየ። ልጅቷ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ እየጠመዘዘች ቆመች። «ቲቸር» አለች፤ ከዚያ ቀጥ አለች። ኃላፊው፣ «ስለ ፈተናው ነው? ፈተናው ሐሙስ ነው» አላት። ራሷን ነቀነቀች። ልጄ አልተናገረችም። ወንበሯን ትንሽ ወደሷ አዞረችና እጆቿን አጣጠፈች። መስታወቱ ተንቀጫቀጨ። እኔ ውስጥ ደግሞ ቃላት እንደ ፈላ ውሃ ክዳናቸውን ገፉ፤ ቁጭ በይ ልላት፣ አትፍሪ ልላት፣ የማን ልጅ ነሽ ልላት። እጄን አንስቼ አፌ ላይ ጫንኩ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ በእጄ ነው የያዝኩት። የልጅቷ ከንፈር ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ከጀርባዋ ዞሮ ጸጉሯን አነደደው፤ ዓይኔ ገና አልለቀቀኝም ነበርና በሩ ላይ የቆመችው እሷ ትሁን ሌላ ሰው ለየሁ ብል ውሸት ነው።

«ስንጥቁ...» አለች በመጨረሻ። «ወደ ላይ ሲሄድ ይሰፋል። ከታች ቀጭን ነው። ግድግዳው ቢሆን... የታመመው፣ እንደሱ አይከፈትም። መሬቱ ነው። ያ የቤቱ ጥግ ቁልቁል እየወረደ ነው።»

«አዎ» አለች ልጄ። «ነገ ክፍል ውስጥ ትነግሪያቸዋለሽ?»

ልጅቷ እንደገና ጊዜ ወሰደች። ከዚያ እሺ ብላ ሄደች። ኃላፊው በሩን ሲያይ ቆይቶ፣ «ጥሩ ናት» አለ። «ኮሚቴው ግን ይሄን አያይም። ወረቀቱን ነው የሚያየው።» ሰዓቱን አይቶ ወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሁለታችንም በመስኮት በኩል አየን። እሷ የምታየውን አላውቅም። እኔ የማየው መንገዱ ሲቀልጥ፣ ሱቆቹ እየተንሳፈፉ ሲያልፉ ነው። ከእናትና ልጅ የሚወጣ ወሬ ብዙ ነበር፤ የዳቦው፣ የሐኪሙ፣ የጎረቤቷ ውሻ። አንዱንም አላነሳነውም። ደረጃችንን ስንወጣ የጠብታው ነገር እየለቀቀኝ ነበር፤ የእጅ መደገፊያው ብረት መልሶ ብረት ሆነ። ሾርባ አሞቅኩ። እሷ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠችና መጻፍ ጀመረች። በከረባት የታነቁትን ቃላት አንድ ባንድ እያጠፋቻቸው መሆኑን ቁልፉን የምትመታበት ድምጽ ይነግረኛል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሌላኛው መስኮት ገብታ ስባሪውን አገኘችው፤ አረንጓዴው ኩሬ አሁን በእጇ ላይ ነበር።

«ሳትልኪው ልታነቢልኝ ነው ወይስ ማንም ቤት የለም?» አልኳት።

አነበበችልኝ። ከጠዋቱ አጭር ነው። «አባቴ መስታወት ቆራጭ ነበር። ቃል ቶሎ አይወጣለትም ነበር። በቤታችን ቃሉን የሚጨርስለት አንድ ሰው ነበር። አንድ ቀን ያ ሰው ሳይኖር ከአባቴ ጋር ሱቅ ዋልኩ። አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ዝም ብዬ ጠበቅሁት። የመለሰልኝ፣ ሁልጊዜ ሲመለስለት ከምሰማው ጋር አንድ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ቃል አልጨርስም። ተማሪዎቼን ጠይቄ የምጠብቀው መልስ ስለሌለኝ አይደለም። የነሱ የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ነው።»

«ይሄን ልትልኪ ነው? ያባርሩሽና?»

«ያባርሩኝ ይሆናል። የጠዋቱን ከላክሁ ግን የሚቀጥሩት እኔን አይደለም።»

ሾርባው ፊቴ ቀዘቀዘ። «ምንድነው የጠየቅሽው ያን ቀን?» አልኳት።

«ስለዚች ስባሪ።»

«መጣል ረስቶት ነው እኮ።»

«እንደሱ አላለም» አለች ልጄ። ከዚያ ዝም አለች። ልትናገር ፈልጋ ነው፣ ያስታውቃል፤ ከንፈሯ ቁርጥ የአባቷን ሆኗል። ለሁለተኛ ጊዜ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ውጭ ሕፃናት ሲጫወቱ ይሰማል። ኩሬዋ ከእጇ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሄደች።

«እናትሽ መጀመሪያ ሱቅ የገባች ቀን በትከሻዋ ነክታ የሰበረችው ነው አለኝ። ደንግጣ ሳቀች አለኝ። ሌላውን ስጠርግ ይቺን አስቀረኋት አለኝ። ይሄን ለመጨረስ እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀበት።»

ትዝ አለኝ። ለአክስቴ ፊት ማያ መስታወት ልገዛ ተልኬ ነበር። ግድግዳ የተደገፈ አንድ አረንጓዴ መስታወት ስዞር በትከሻዬ ነክቼው ወደቀ። እሱ ቀና ብሎ አየኝና አፉን ከፈተ፤ እኔም፣ ልትሰድበኝ ነው አይደል፣ ስደበኝ አልኩት። ምን ሊለኝ እንደነበር ይኸው እስከዛሬ አላውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም እስከዛሬ?»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ይሄንንስ ምን ይሉታል። ተነስቼ ስባሪዋን አነሳኋት። ፀሐይዋ ሞቅ አድርጋታለች። ባልታመመው ዓይኔ በኩል አስጠግቼ ልጄን በውስጧ አየኋት፤ አረንጓዴ ሆና፣ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ፣ እየጠበቀችኝ ነበር።

«አንድ ሰው የምትለዋን አጥፊ» አልኳት። «ጠዋት ማንም ነበርኩ፣ ማታ አንድ ሰው ሆንኩ፤ ሁለቱንም አልቀበልም። ቃሉን የምትጨርስለት እናቴ ነበረች ብለሽ ጻፊ። ባትጨርስለት ደንበኛው ሁሉ ይሄድባት እንደነበርም ጨምሪበት፤ ኮሚቴው ካነበበ አይቀር ሙሉውን ያንብብ። ይቺንም ማን እንደሰበራት ጻፊ።»

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ቀሩ። አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ፤ የሆነ ነገር ልትል ነው፣ ግን አልወጣላትም።

ወንበሬን ስቤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። «ጻፊ እንጂ» አልኳት። «እኔ እንደሆን እጠብቃለሁ።»